ወፍራሙ መስመር

ለመሆኑ የእንግሊዝ ገበሬ ከሺህ ዓመት በፊት ቀበሌውን ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ታውቃላችሁ? ባታውቁም ምንም አልቀረባችሁም። እኔ ግን አወቅሁና፣ ባወቅሁት ነገር ነፍሴ ልትወጣ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መሀል ላይ ካቋረጣችሁኝ እንደ ልማዴ ስለ እንግሊዝ ማውራት እጀምርና የሚያስቆመኝ አይገኝም።

ነገሩ የሆነው በኮሮና ጊዜ፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው። ሥራዬ ካርታ መሥራት ነው፤ የውሃ ቱቦው የት እንደሚያልፍ፣ መንገዱ የት እንደሚታጠፍ በኮምፒውተር ስስል የምውል ሰው ነኝ። ሁሉም ቤቱ ይቀመጥ ሲባል ቢሮው ተዘጋ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ለእህቷ ሠርግ ሐዋሳ እንደገባች በረራ ተቋረጠ። ሠርጉም ቀረ፣ እሷም እዚያው ቀረች። እኔም በዝ ቫሊ በሚሉት ሰፈር ባለችው ቤቴ ከአንድ ከረጢት ሩዝና ከኢንተርኔት ጋር ተፋጠጥኩ። አለቃዬ ደውሎ በዚህ ጊዜ ራሴን እንዳሻሽል፣ አንድ ኮርስ እንድወስድ መከረኝ። ስፈልግ «የመሬት አስተዳደር» የሚል ነጻ ኮርስ አገኘሁና ዓይኔን ሳላሽ ተመዘገብኩ። ርእሱ ሁለት መስመር ነበር፤ እኔ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው «በጥንታዊት እንግሊዝ» ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ውልቅ ብሎ ይወጣ ነበር። እኔ የጀመርኩትን ነገር መተው አልችልም። ጽናት ነው እላለሁ፤ ባለቤቴ ለዚህ ጠባዬ ሌላ ስም አላት፣ እዚህ አይጻፍም። በሁለተኛው ሳምንት ላይማ ጭራሽ ፍቅር ያዘኝ። አገሩ ሻየር በሚባል ይከፈላል። ሻየሩ ደግሞ «መቶ» በሚባል ይከፈላል፤ አዎ፣ መቶ፣ ቁጥሩ ራሱ። አንድ ቤተሰብ የሚያኖር መሬት ሃይድ ይሉታል፣ የኛን ጋሻ መሬት በሉት፤ መቶ ሃይድ ሲሰበሰብ አንድ «መቶ» ይሆናል። ይሆናል ተባለ እንጂ ሄደው ሲቆጥሩት መቶ ሆኖ የተገኘው ጥቂት ነው። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ያንኑ ነገር ዋፐንቴክ ይሉታል፤ መሣሪያ ማንሳት እንደማለት ነው። በስብሰባ ላይ የተስማማ ሰው ጦሩን ከፍ አድርጎ ያሳይ ነበር ይባላል። ዮርክሻየር የሚባለው አገር ደግሞ ለሦስት ተከፍሎ እያንዳንዱ ራይዲንግ ይባላል፤ ሲሶ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሰሜን፣ ምሥራቅና ምዕራብ ኖሮት ደቡብ የሌለው። የኛው ሲሶ እዚያ ድረስ ሄዶ ሳገኘው ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።

ከሁሉም አንጀቴን የበላው ግን የስማቸው አመጣጥ ነው። ሰዉ በየአራት ሳምንቱ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር፤ ብዙዎቹ «መቶዎች» ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ከመሰብሰቢያው ቦታ ነው። አንድ የቆመ ድንጋይ፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ ጉብታ፣ የወንዝ መሻገሪያ። ከዚያ ዛፉ ይወድቃል፣ ድንጋዩን አንዱ ፈንቅሎ አጥር ይሠራበታል፣ ስሙ ግን ይቀራል። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ በስልክ አስረዳኋት። እስክጨርስ ጠብቃ «በልተሃል?» አለችኝ።

አሁን ወደ እድራችን እንምጣ። ጆሃንስበርግ ውስጥ ተበትነን የምንኖር ከመቶ ትንሽ ዘለል የምንል ቤተሰቦች እድር አለን። ሊቀመንበራችን ጋሼ ተስፋዬ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ። በዚያ ሰሞን መሀል ከተማ፣ ሂልብሮው የሚኖር አንድ አባላችን ታሞ ማንም ሳያውቅ ሳምንት ሙሉ ብቻውን ተኝቶ ኖሯል። እግዜር ረድቶት ተነሣ። ጋሼ ተስፋዬ ግን ነገሩ ከነከናቸውና በኢንተርኔት ስብሰባ ጠሩን። ድምፃቸው እየተቆራረጠ «እድር ስንሞት ብቻ ነው እንዴ የሚያስፈልገን?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም አቀረቀርን፤ ካሜራው የሚያሳየው አናታችንን ብቻ ሆነ።

ሐሳባቸው ቀላል ነበር። አባላቱ በሰፈር ይከፈሉ፣ ለየሰፈሩ አንድ ኃላፊ ይኑር፣ ኃላፊው በየጠዋቱ እየደወለ ሁሉም በሰላም ማደሩን ይጠይቅ፣ የታመመ ካለ ምግብ በር ላይ ይቀመጥለት። አስር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። እኔ ግን እጄን አወጣሁ። «በዚህ ጉዳይ ትምህርት ላይ ነኝ» አልኩና ከሃይድ ጀምሬ ገለጻ አደረግሁ። ሳይከፈልበት የሚገባበት የኢንተርኔት ስብሰባ በአርባ ደቂቃ ይቋረጣል፤ እኔ ዋፐንቴክ ላይ ስደርስ ተቋረጠ። መልሰን ስንገባ ግማሹ ሰው የለም።

ከቀሩት ጋር ተስማማን። እድሩ ለሦስት ሲሶ ተከፈለ። ሰሜኑን አሌክሳንድራ ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለው የሆሳዕናው ወንድም ኤርሚያስ ወሰደ። መሀሉን ሂልብሮው አስራ አንደኛ ፎቅ የሚኖረው ጌቱ ወሰደ፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ዓመት ስላለፈው ሰውዬው ጉልበቱ የታወቀ ነው። ደቡቡን ሮዘተንቪል መጋረጃ የምትሸጠው እህት ምሕረት ወሰደች፤ አገር ቤት ሳለች ነርስ ነበረች። «መቶ» የሚመራ ሰው ምን ሊባል ነው? መቶ አለቃ! ሦስቱም በአንድ ጀንበር መቶ አለቃ ሆኑ። አንዱ አባል ሠላሳ ምናምን ቤት የያዘ ሰው እንዴት መቶ አለቃ ይባላል ብሎ ሞገተኝ፤ እንግሊዞቹም ቆጥረው እንዳላገኙት ነግሬ ዝም አሰኘሁት።

ድምፅ ሲሰጥ ደግሞ እንደ ሰሜን እንግሊዝ መሣሪያ እናንሣ አልኩ። ሁሉም እጁ ላይ ያለውን ያነሣ ጀመር፤ ጭምብል፣ ጭልፋ፣ የሳኒታይዘር ጠርሙስ፣ የሪሞት ኮንትሮል። ኤርሚያስ ከሱቁ ነበርና ፖሎኒ የሚሉትን ቋሊማ የሚቆርጥበትን ያን ረጅም ቢላዋ አነሣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስም ላይ ግን ተበላሸን። በእንግሊዝ ደንብ ስሙ ከመሰብሰቢያው ቦታ ነው የሚወጣው፤ እኛ ደግሞ መሰብሰብ ተከልክለናል። አንዱ የመጣበትን ወረዳ ስም አቀረበ፣ ሌላው የራሱን። ከነቢያት ይሁን ያሉ ነበሩ፣ ከሰማዕታት ይሁን ያሉ ነበሩ፣ ሁለቱም አይሁን ያሉ ነበሩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እንበላቸው ብል አንደኛው ማን ሊሆን ነው ተብሎ የባሰ ተነሣ። በመጨረሻ ጋሼ ተስፋዬ «ተዉት፣ ስሙ ሲፈልግ ራሱ ይምጣ» ብለው ዘጉት።

ካርታውን እኔ ሠራሁ። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። መሀል ነጥብ ያስፈልግ ነበርና በትሕትና የራሴን ቤት መረጥኩ። ከዚያ ነጥብ ሦስት መስመሮች ወደ ሦስት አቅጣጫ አወጣሁ። መስመሮቹ በስልክ ላይ በደንብ እንዲታዩ አወፈርኳቸው፤ ቀይ አደረግኋቸው፤ ትንሽ ደግሞ ጨመርኩላቸው። ከስር «ማንም መቶ አለቃ ከክልሉ ውጪ አይደውል፣ ምግብም አያሻግር» የሚል ደንብ በደማቁ ጻፍኩ። ምክንያት ነበረኝ፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ወረቀት ይጠይቅ ነበር፣ ደግሞም የኛ ሰው ድንበር ካልተበጀለት ለአንድ በሽተኛ አስራ አምስት ድስት አምጥቶ ሌላውን ይረሳል።

ሥራው ተጀመረ፤ በጣምም ሠራ። በየጠዋቱ ስልክ ይጮኻል፣ ሰው ይጠየቃል፣ አጃ ሾርባ በየበሩ ይቀመጣል። እኔ ጋ የሚደውል አልነበረም። ይህ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ካርታውን የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ አክብረውኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ሩዝ ጥጄ ሱሴክስ ስለሚባለው የእንግሊዝ አገር አከፋፈል ሳነብ ጭስ ቤቱን ሞላው። ድስቱ ከሰል ሆኗል፤ እኔ አልሸተተኝም። አፍንጫዬን ሽንኩርት ላይ ደቀንኩ፣ ምንም። ኮምጣጤ ላይ ደቀንኩ፣ ምንም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ መጣ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ተመርምሬም አለብህ ተባልኩ። እንኳን እድር አለኝ አልኩ። የኔ መቶ አለቃ ማን እንደሆነ ለማየት ካርታውን ከፈትኩ። ቤቴን ፈለግሁ። አሰፋሁት፣ አጠበብኩት። ወገኖቼ፣ ቤቴ የለም። ሦስቱ ቀያይ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ከውፍረታቸው ስር፣ እኔ ተቀብሬያለሁ።

አሁን የሚጠበቅብኝ ስልክ አንሥቼ ታምሜያለሁ ማለት ብቻ ነው። ይህን ደግሞ እኔ አልችልም። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሰው ያስተማርኩ ሰው፣ በምን አፌ ራሴን ረሳሁ እላለሁ? ዘዴ ፈጠርኩ። ኤርሚያስ ጋ ደወልኩና እንደ ተቆጣጣሪ ሆኜ ለበሽተኞች ምን እያቀረበ እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱም ዘረዘረ። የዶሮ ሾርባ በዝንጅብል፣ ገንፎ በቅቤ፣ የተጠበሰ ቂጣ። ጆሮዬ ጠገበ፣ ሆዴ ጮኸ። ከዚያ «አንተስ ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» አለኝ። ምላሴ ከልጅነቷ የለመደችውን መለሰች፤ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። «ሻርፕ» ብሎ፣ እንደዚህ አገር ሰው እሺ ማለቱ ነው፣ ዘጋው። ምሕረት ጋ ደወልኩ፣ ያው ሆነ። ጌቱ ጋ ደወልኩ፣ ያው ሆነ። በሦስት ስልክ ሦስት ጊዜ ደህና ሆኜ ደረቅ ዳቦ በጨው በላሁ፤ ጨው መሆኑንም ያወቅሁት ከዕቃው ላይ አንብቤ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ባለ ጎማውን አረንጓዴ የቆሻሻ በርሜል ወደ በር ማውጣት ነበረብኝ፤ የቆሻሻ መኪናው ማክሰኞ ማለዳ ነው የሚመጣው። ከጓዳ በር እስከ ውጪው በር አስራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሦስት ቦታ አረፍኩ። በሩ ላይ እንደደረስኩ በርሜሉን ተደግፌ ቆሜ ሳለ ባለቤቴ ደወለች። ለምን እንደማለከልክ ጠየቀችኝ። ደረጃ ወጥቼ ነው አልኳት።

«ቤታችን ደረጃ የለውም» አለችኝ።

ስምንት ዓመት የኖረችበት ቤት ነው፤ መከራከር አልቻልኩም። ስልኩን ዘጋችብኝ። ተቆጣች ብዬ ነበር፤ ለካ ጋሼ ተስፋዬ ጋ እየደወለች ነው።

ጋሼ ተስፋዬም ሦስቱን መቶ አለቆች በየተራ ጠርተው ይህ ሰው የማን ነው ብለው ጠየቁ። ሦስቱም ካርታውን አይተው የኔ አይደለም ብለው መለሱ፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ግን ሦስቱም፣ ሌሎቹ ደንቡን አክብረው ይቀራሉ ብለው በማሰብ፣ እያንዳንዳቸው ደንቡን ለመጣስ ወሰኑ።

ማክሰኞ ጠዋት ጫጫታ ሰምቼ ወደ መስኮቱ ተሳብኩ። ኤርሚያስ ባኪ የምንላትን ትንሿን ጭነት መኪናውን አቁሟል። ጌቱ ከሂልብሮው በእግሩ መጥቷል። ምሕረት ባሏ አድርሷት ነጭ ገዋኗን ለብሳ ቆማለች። ሦስቱም ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው፣ በርሜሉን መሀል አድርገው፣ በጭምብል ውስጥ እየተጨቃጨቁ ነው። በርሜሉ ክዳን ላይ ሦስት ድስት ተደርድሯል። መስኮቱ ስር ሆኜ የሰማሁት ጭቅጭቅ የኔን ነፍስ ማን ይተዋት ሳይሆን ማን ይውሰዳት የሚል ነበር። ኤርሚያስ ወጥ ቤቱ በሰሜን በኩል ስለሆነ፣ ለበሽተኛ ደግሞ ቀዳሚው ምግብ ስለሆነ ሰውየው የኛ ነው ይላል። ጌቱ በሩ ወደኛ ነው የተከፈተው፣ ሬሳ እንኳ ቢወጣ በኛ በኩል ነው ይላል፤ ለአፉ ልጓም የለውም ጌቱ። ምሕረት ሁለቱንም ትታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ትራስህ በየት በኩል ነው?»

«በደቡብ» አልኩ ያለ የሌለ ድምፄን አሰባስቤ።

«በቃ፣ የኔ ነው» አለች። ኤርሚያስ እግሩ እንኳ የኛ ነው ብሎ ሲያጉረመርም ይሰማኛል።

ምሕረት ጣት ላይ የሚቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ በላስቲክ ጠቅልላ መጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አሰረችና በመስኮቱ ብረት መሀል አሾለከችልኝ። ቁጥሩን አነበብኩላት። ዘጠና አንድ። ጭቅጭቁ ቀጥ አለ። ጎረቤቴ ጎጎ ኖምሳ እንኳ፣ ከአጥሯ በላይ ሆና ስትስቅብን የነበረችው አሮጊት፣ ሳቋን አቆመች። እኔ ያኔ ፈራሁ። ልጆቼ መጡብኝ። የእንግሊዝ ሻየር ሁሉ ቀርቶብኝ፣ ሐዋሳ ላይ አባባ የሚለኝን ድምፅ አንዴ ብሰማ ብዬ ተመኘሁ።

ምሕረት በሆዴ እንድተኛ አዘዘችኝ፤ የምታውቀው ሐኪም ጋ ደወለች፤ ከዘጠና ከወረደ ወዲያው ሆስፒታል ትገባለህ አለችኝ። ኤርሚያስ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ባኪዋን በሬ ላይ አቁሞ ቁልፉን እንደያዘ ዋለ። ከዚያ ምሕረት በመስኮቱ ለምን እንዳልተናገርኩ ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ ስደውል ሦስት ጊዜ ለምን ዋሸሁ? ፊቴ ትራስ ውስጥ ነበር፤ እንባዬን አላዩም።

«ካርታው ላይ የለሁም» አልኩ።

ጌቱ ስልኩን አውጥቶ ካርታውን ተመለከተ። ቀና ብሎ ቤቱን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ስልኩን አየ፤ ከዚያ ሳቁን አፈነዳው። ሦስቱም ሳቁ። ጎጎ ኖምሳም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሳቀች። እኔም በሆዴ እንደተኛሁ ሳቅሁ፤ ሐኪሙ ለሳንባ ጥሩ ነው ብሏል አሉ፣ በኋላ።

ጋሼ ተስፋዬን በስልክ አስገቡና ስልኩን በርሜሉ ክዳን ላይ ከድስቶቹ ጎን አስቀመጡት። እድራችን በኮሮና ዘመን ያደረገው የመጀመሪያው የአካል ስብሰባ ይህ ነበር። ሰውዬው የሂሳብ አስተማሪ ናቸውና የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚህ ወፍራም መስመር ስር ሌላ ማን አለ? ፈለጉ። አራት ቤት ተገኘ። ጉድ ነው መቼም! አንዷ እትዬ አስካለ ነበሩ፣ ከኔ ሁለት መንገድ አለፍ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት። ደግነቱ ደህና ነበሩ። ማንም ሳይደውልላቸው ሲቀር ከእድሩ ያባረሯቸው መስሏቸው፣ አኩርፈው፣ የስንብት ደብዳቤ ጽፈው ጨርሰው ነበር። እኔ ግን የእሳቸውን ስም ስሰማ ሳቄ ጠፋ። እኔ ባለቤቴ አለችልኝ፤ እሳቸው ታመው ቢሆንስ? በሆዴ የተኛሁት ሰውዬ ያን ቀን ብዙ ነገር አሰብኩ።

እዚያው አራተኛ «መቶ» ይቋቋም ተባለ፤ የአምስት ቤት መቶ። ድምፅ ተሰጠ። ኤርሚያስ ጭልፋ፣ ጌቱ የድስት ክዳን፣ ምሕረት መጥረጊያዋን አነሡ፤ እኔም ከመስኮቱ ውስጥ ትራሴን አነሣሁ። ዋፐንቴክ ማለት ይህ ነው ብዬ ላስረዳ ስል ምሕረት መናገር ከለከለችኝ።

ሦስት ቀን ቁጥሩ ወጣ ገባ አለ፤ ሁላችንንም አንገላታን። በአራተኛው ዘጠና አምስት ሆነ። በአስረኛው ቀን ድስት ውስጥ ያለው ዝንጅብል ሸተተኝና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስሙን ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አይታወቅም። የበዝ ቫሊ ሰው ሁሉ ምግቡን እዚያ እያስቀመጠ ከዚያ ስለሚወስድ በእድሩ የስልክ ግሩፕ ላይ መጀመሪያ «በርሜሉ ጋ አስቀምጡት» ተባለ። ቀጥሎ «የበርሜሉ ሰዎች» ተባለ። በወሩ በእድሩ መዝገብ ላይ በጋሼ ተስፋዬ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ «መቶ በርሜል» ተብሎ ሰፈረ። እኔ «ማእከላዊ» የሚል ስም ከዝርዝር ምክንያት ጋር በጽሑፍ አቅርቤ ነበር፤ ያነበበው የለም። ለኮርሱ የመጨረሻ ፈተናም የአንድ «መቶ» ስም አመጣጥ ጻፉ ሲባል ይህንኑ ታሪክ ጻፍኩ። አስተማሪው ወድዶታል፣ ግን እንግሊዝ ውስጥ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቋል።

በርሜሉን በዓመቱ ሰው ሰረቀው። አዲስ ተሰጠኝ፣ ጥቁር ነው፣ ቦታውም ጓዳ በኩል ሆነ። ባለቤቴ በረራ ተከፍቶ ስትመለስ ከአየር ማረፊያ ያመጣት የኛው ሰው ሹፌር አድራሻዋን ስትነግረው «አሃ፣ በርሜል!» ብሏት፣ በሩ ላይ ወርዳ ግራና ቀኝ ብታይ ምንም በርሜል የለም። ልጆቹም ለምን እንዲህ እንደሚባል ጠየቁኝ። ልነግራቸው ከሃይድ ጀመርኩ፤ ተበተኑ።

የኛ መቶ አለቃ እትዬ አስካለ ናቸው። ኮሮናው አልፎም በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መደወላቸውን አልተውም። እንዴት አደርክ ሲሉኝ እንደ ድሮው ደህና ነኝ አልላቸውም። ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ ግራ ጆሮዬን፣ ትናንት የበላሁትንና ያልተስማማኝን አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ። እስክጨርስ ይሰሙኝና «ተመስገን፣ ዛሬም ደህና ነህ» ብለው ወደሚቀጥለው ቤት ይደውላሉ።